የዮልያና መጽሐፈ መድኃኒትና ባለቤቶቹ

የሲራክ ልጅ ኢያሱ በመጽሐፉ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት በሰፊው ተናግሮአል። ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፥ የመድኃኒት መብቀያው ምድር ቢሆንም ሰጪው እግዚአብሔር እንደ ሆነ፥ በሽተኛም አስቀድሞ ወደ ፈጣሪው ጸልዮ ከዚያ በኋላ የሐኪምን እርዳታ መቀበል እንዳለበት ያስተምራል። ይህን ምዕራፍ ካህናቶቻችን በሚገባ ያውቁታል። ነገር ግን አንድ ነገር ሳንጠይቅ እናልፈዋለን። እግዚአብሔር ለአንድ ዘመን ሰዎች የገለጠው መድኃኒት ወደሚቀጥለው ዘመን የሚሻገረው በምንድን ነው? በቃል ከሆነ ተናጋሪው ሲሞት ቃሉ አብሮት ይቀበራል፤ በጽሕፈት ከሆነ ደግሞ የመጽሐፉ ባለቤት እንደ አያያዙ ወይ ያሻግረዋል ወይ ያስቀረዋል። የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንድ እጅግ አሮጌ የመድኃኒት መጽሐፍና በየዘመኑ ስለ ያዙት ባለቤቶቹ ይሆናል።

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ይህን ነገር እንዳስብ ያደረገኝን ምክንያት ላስቀድም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለክብረ በዓል ወደ አንድ የገጠር ደብር ሄጄ ሳለሁ፥ አንድ ዲያቆን ከሟች አባቱ የወረሰውን ትንሽ የብራና መጽሐፍ አሳየኝ። አባቱ በመድኃኒት ዐዋቂነቱ በአካባቢው የታወቀ መሪጌታ ነበር። መጽሐፉ በማኅደሩ ተከቶ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስለ ኖረ ጢስ አጥቍሮታል፤ ጽሕፈቱ ግን ደኅና ነው። ስለ ሆድ ሕመም፥ ስለ ዐይን፥ ስለ ቍስል፥ ስለ ውሻ በሽታም የሚናገሩ አንቀጾች አሉበት። እያነበብን ስንሄድ ሥሩ እንደሚማስ፥ እንደሚወቀጥ፥ በማር ተለውሶ በስንት ቀን እንደሚወሰድ የሚናገረው ቃል ሁሉ ተሟልቶ ሳለ፥ በስምንት ቦታ ላይ የዕፁ ስም የነበረበት ብራና በምላጭ ተፍቆ ባዶ ሆኖ አገኘነው። ዲያቆኑ አዝኖ፥ «አባቴ ሌላ ሰው እንዳይሰርቀው ብሎ ፋቀው፤ ለእኔ በኋላ ሊነግረኝ ነበር፤ ነገር ግን በድንገት ዐረፈ» አለኝ። መጽሐፉ አለ፥ ባለቤትም አለው፥ መድኃኒቱ ግን የለም።

ከዚህ የተለየ ዕጣ የገጠመው መጽሐፍ ዛሬ በኦስትርያ ዋና ከተማ በቪየና፥ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ይገኛል። በብራና ላይ በጽርዕ ቋንቋ የተጻፈ፥ ከ380 የሚበልጡ የዕፀዋት ሥዕሎችን የያዘ ታላቅ ጥራዝ ነው። ከተጻፈ ከ1500 ዓመት በላይ ሆኖታል። በእነዚህም ዘመናት የልዕልት፥ የመነኮሳት፥ የአይሁዳዊ ሐኪምና የንጉሠ ነገሥት ንብረት ሆኖአል። ባለቤቶቹ በቋንቋም በሃይማኖትም የማይገናኙ ሲሆኑ፥ የዕፀዋቱን ስም በየቋንቋቸው እየጨመሩበት ለሚመጣው አሳልፈውታል። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ከመነሻው እንመልከት። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈናቸዋል።

የጽሑፉ ደራሲ ዲዮስቆሪዶስ ይባላል። ስሙ ከአባታችን ከቅዱስ ዲዮስቆሮስ ስም ጋር ስለሚቀራረብ አንባቢ እንዳይሳሳት እንለምናለን። ቅዱስ ዲዮስቆሮስ በ451 ዓ.ም. በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ስለ ሃይማኖቱ የተሰደደው የእስክንድርያ ፓትርያርክ ነው፤ ይህኛው ግን ከእርሱ አራት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ የነበረ፥ በኪልቅያ አውራጃ በአናዛርቦስ ከተማ የተወለደ ሐኪም ነው። አናዛርቦስ ከሐዋርያው ከቅዱስ ጳውሎስ የትውልድ ከተማ ከጠርሴስ ብዙ የራቀች አይደለችም፤ መጽሐፉንም የጻፈው ለአንድ የጠርሴስ ሐኪም ነው። ዘመኑም ሐዋርያት በየአገሩ ወንጌልን የሚሰብኩበት የመጀመሪያው መቶ ዓመት ነበረ። ሐዋርያው በቈላስይስ መልእክቱ ሐኪም ብሎ የሚጠራው ወንጌላዊው ሉቃስና ይህ ዲዮስቆሪዶስ የአንድ ዘመን ሐኪሞች ናቸው ማለት ነው።

ዲዮስቆሪዶስ አምስት ክፍል ባለው መጽሐፉ ስድስት መቶ ያህል ዕፀዋትን፥ ከእነርሱም ጋር ከእንስሳትና ከማዕድን የሚገኙትን መድኃኒቶች ገልጾአል። አጻጻፉን ልብ ማለት ይገባል። የአንዱን ዕፅ ስም ከጠራ በኋላ ሌሎች ስሞቹን ይጨምራል፤ ቅጠሉ፥ አበባው፥ ሥሩ ምን እንደሚመስል፥ በምን ዓይነት ቦታ እንደሚበቅል፥ እንዴት እንደሚዘጋጅና ለምን ሕመም እንደሚሆን ይናገራል፤ ነጋዴ ባዕድ ነገር የቀላቀለበት እንደ ሆነም በምን እንደሚታወቅ ያስረዳል። በመግቢያውም ላይ ዕፀዋትን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሲበቅሉም፥ ሲያብቡም፥ ሲደርቁም ደጋግሞ ማየት እንዳለበት ያስጠነቅቃል። ቡቃያውን ብቻ ያየ ሰው ያደገውን አያውቀውም፤ ያደገውን ብቻ ያየም ቡቃያውን ይስታል። ይህ ቃል መድኃኒት ለቅሞ ለሚያውቅ ሰው ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

የአገራችንም ስም በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። በነቢዩ በሕዝቅኤል መጽሐፍ የተጠቀሰው ዞጲ የተባለው ጥቁር እንጨት ከኢትዮጵያ የሚመጣው እንደሚበልጥ ዲዮስቆሪዶስ ጽፎአል፤ ከከርቤም ዓይነቶች ከቀይ ባሕር በስተ ምዕራብ ካለው ጠረፍ የሚመጣውን ያስቀድማል። በዚያ ዘመን የጽርዕ ሰዎች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ ማለታቸው ስለ ነበረ፥ ቃሉን ከዛሬው ወሰናችን ጋር አስተካክለን መተርጐም አይገባንም። ሆኖም የእኛ ምድር ዕጣንና ከርቤ ለመሥዋዕት ብቻ ሳይሆን ለሕመምተኛም ባሕር ተሻግሮ ይሄድ እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ ወደ መጽሐፉ እንመለስ። በቪየና ያለው ጥራዝ የተጻፈው በቍስጥንጥንያ በ512 ዓ.ም. ገደማ ነው። የተጻፈላትም እመቤት አኒቅያ ዮልያና ትባላለች። አባቷ ኦሊብርዮስ በ472 ዓ.ም. ለጥቂት ወራት በምዕራቡ የሮም ግዛት ነግሦ የነበረ ሲሆን፥ በእናቷም በኩል የነገሥታት ዘር ነበረች። ኦኖራታ በምትባል ሰፈር በእመቤታችን ስም ቤተ ክርስቲያን አሠርታ ነበርና፥ የሰፈሩ ሰዎች ስለዚህ ሥራዋ እንዳመሰገኗት በመጽሐፉ መጀመሪያ ካለው ሥዕልና ጽሕፈት ይታወቃል። በሥዕሉ ላይ ዮልያና በሁለት ሴቶች መካከል ተቀምጣ ትታያለች፤ እነርሱም አንዲቱ የልብ ስፋት፥ ሁለተኛዪቱ የማስተዋል ምሳሌ ናቸው። አንድ ሕፃን የተከፈተ መጽሐፍ ያቀርብላታል፤ የጥበባት ምስጋና የተባለች ሴትም በእግሯ ሥር ወድቃለች። በሥዕሉ ዙሪያ በጥቃቅን ፊደላት የተጻፈ የምስጋና ግጥም አለ፤ የስንኞቹም መነሻ ፊደላት ሲገጣጠሙ የዮልያና ስም ይወጣል። ባለቤቷ ማን እንደ ነበረች የታወቀው በዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ላሠራች ሴት የሚሰጥ ምስጋና በመድኃኒት መጽሐፍ ላይ መጻፉ ለእኛ የሚያስደንቅ ይመስላል፤ ነገር ግን የነፍስና የሥጋ ፈውስ በአንድ ቦታ የሚታሰብበት ዘመን ነበረ።

ይህች እመቤት ከሃይማኖት ወገን የእኛ አልነበረችም፤ የኬልቄዶንን ጉባኤ በጽኑ የምትደግፍ ነበረች። በዚያው በ512 ዓ.ም. ቅዱስ ሳዊሮስ በአንጾኪያ መንበር ላይ ተሾመ፤ በዚያው ዓመትም በኅዳር ወር በቍስጥንጥንያ ታላቅ ሁከት ተነሣ። የሁከቱም ምክንያት በሦስቱ ቅዱስ ጸሎት ላይ የጌታን ስቅለት የሚናገረው ቃል እንዲጨመር ንጉሡ አንስጣስዮስ ማዘዙ ነበረ። ተቃዋሚዎቹ ንጉሡን ሽረው የዮልያናን ባል አሬዮቢንዶስን ለማንገሥ ፈልገው ወደ ቤቷ ጐረፉ፤ እርሱ ግን አስቀድሞ ሸሽቶ ስለ ነበረ አላገኙትም። እኛ በየቀኑ በቤተ ክርስቲያናችን የምናደርሰው ጸሎት ያንን ያህል ደም ያፈላ በነበረበት በዚያ ዘመን፥ የዕፀዋቱ መጽሐፍ በዚያች እመቤት ቤት ተቀምጦ ነበር። በሃይማኖት ነገር ከእርስዋ ጋር አንስማማም፤ ስለ መጽሐፉ ግን የሚገባትን ምስጋና ብንነፍጋት ፍርድ አዛባን ማለት ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ከዲዮስቆሪዶስ ጽሑፍ ሌላ ስለ መርዝና ስለ እባብ ንክሻ፥ ስለ ወፎችም የሚናገሩ ድርሰቶች ተጨምረዋል። የዲዮስቆሪዶስም ጽሑፍ በደራሲው ቅደም ተከተል ሳይሆን፥ ፈላጊ በቶሎ እንዲያገኘው በዕፀዋቱ ስም በፊደል ተራ ተዘጋጅቶአል። ከመግቢያ ሥዕሎቹ በአንደኛው ላይ ግኝት የተባለች ሴት የማንድራጎራን ሥር ለዲዮስቆሪዶስ ስታቀርብለት፥ ከእግሯም በታች አንድ ውሻ ሲሞት ይታያል። የጥንት ሰዎች ማንድራጎራን የነቀለ ይሞታል ብለው ስለሚያምኑ በውሻ ያስነቅሉት ነበር ይባላል። ዲዮስቆሪዶስ ራሱ ስለዚህ ሥር በጻፈው አንቀጽ ውስጥ ግን የውሻ ነገር የለም፤ ተረቱን የጨመረው ሠዓሊው ነው። በእኛም አገር ሥር የሚምሰው ሰው በማለዳ፥ ሰው ሳያናግር እንዲሄድ የሚያዝዙ መጻሕፍት አሉ። ከመድኃኒቱ ዕውቀት ጋር የሰው ፍርሃት እየተጣበቀ መሄዱ በእኛ ብቻ የተጀመረ አይደለም።

ከዮልያና በኋላ ስለ ነበሩት ብዙ መቶ ዓመታት የምንለው ጥቂት ስለ ሆነ ፈጥነን እናልፈዋለን። መጽሐፉ እንደ ገና በግልጽ የሚታየው በቍስጥንጥንያ በመጥምቁ ዮሐንስ ስም በተመሠረተው፥ ጴጥራ በተባለው ስፍራ በነበረው ገዳም ነው። በዚህ ገዳም አጠገብ የሰርቦች ንጉሥ ሚሉቲን ያቋቋመው የበሽተኞች ቤት ነበረ፤ ስሙም የክራል ቤት ይባል ነበር፤ ክራል በሰርቦች ቋንቋ ንጉሥ ማለት ነውና። በ1406 ዓ.ም. ናትናኤል የተባለ መነኵሴ በዚያ ቤት የበሽተኞች አስታማሚ ሆኖ ይሠራ ነበር። የመጽሐፉ ጥራዝ ፈርሶ፥ ቅጠሎቹም ተፈታተው ባየ ጊዜ፥ ዮሐንስ ኮርታስሜኖስ የተባለውን ጸሓፊ አስጠርቶ እንደ ገና አስጠረዘው። ይህ ኮርታስሜኖስ ኋላ መንኵሶ የሴሊምብርያ ሜጥሮፖሊስ ሆኖአል።

በዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ፤ የነገራችን ፍሬ ያለው እዚህ ነውና። ኮርታስሜኖስ መጽሐፉን በመጠረዝ ብቻ አልተወሰነም። ከዮልያና ዘመን እስከ እርሱ ዘመን ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል አልፎ ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ የጽርዕ ፊደል አጣጣል ተለውጦ፥ በቀድሞው ጕልሕ ፊደል ያለ ክፍተት ተያይዞ የተጻፈው ቃል ለአንባቢ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። እኛ የግዕዝ ፊደላችን ሳይለወጥ ስለ ቈየልን የዚህን ችግር ክብደት አናውቀውም። በበሽተኛ አልጋ አጠገብ የቆመ መነኵሴ ግን አንዱን ዕፅ በሌላው ቢያሳስት ሰው ይሞትበታል። ስለዚህ ኮርታስሜኖስ የቀድሞውን ጽሕፈት ሳይነካ፥ በዘመኑ ሰው ሁሉ በሚያነበው ፊደል የዕፀዋቱን ስምና ንባቡን በአጠገቡ ጻፈበት። የእኛ ሊቃውንት በመጽሐፍ ኅዳግ ላይ ትርጓሜ እንደሚጽፉ ያለ ሥራ ነው። በዚያ ገዳም ይኖሩ የነበሩት መነኮሳት ከዚህ መጽሐፍ ገልብጠውም ነበር፤ ከእርሱ የተገለበጡ ቅጂዎች ዛሬ በጣልያን አገር በፓዱዋና በሮም በቫቲካን ይገኛሉ። ዋናው ቢጠፋ እንኳ ትምህርቱ እንዳይጠፋ ሆነ ማለት ነው።

ደግሞ ይህን ልብ እንበል። ከመግቢያ ሥዕሎቹ በአንዱ ላይ ከጥንት ሐኪሞች ጋር ኪሮን ተሥሎአል። ኪሮን በጽርዕ ሰዎች ተረት ግማሹ ሰው ግማሹ ፈረስ የሆነ ፍጡር ነው። የአሕዛብ አማልክት የሚጠሩበት ስለ ዕፀዋት የተገጠመ ግጥምም በውስጡ አለ። ናትናኤል መነኵሴ ነበረ፤ የሚኖረውም በመጥምቁ ገዳም ነው። ይህን ሁሉ እያየ ሥዕሉን አልቀደደም፥ መጽሐፉንም ወደ እሳት አልጣለም። ተረቱን እንደ ተረት ትቶ በመድኃኒቱ በሽተኛውን አስታመመበት። ቅዱስ ባስልዮስም ከእርሱ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት መነኮሳት በሐኪም ጥበብ ስለ መጠቀማቸው ተጠይቆ በሰፊው መልሶ ነበር። የሐኪም ጥበብ እንደ እርሻ ሁሉ ለሰው ድካም ረዳት ሆኖ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፤ ሰው ግን ተስፋውን ሁሉ በእርሱ ላይ ሊጥል አይገባም፤ ክፉዎች ያለ አግባብ ስለ ተጠቀሙበትም ደጎች ሊተዉት አይገባም የሚል ነው አሳቡ። ባስልዮስ ይህን የተናገረው እንዲያው በአፉ ብቻ አይደለም፤ በቂሳርያ ከተማ ለበሽተኞችና ለድኆች ታላቅ መጠጊያ አሠርቶአልና።

በ1453 ዓ.ም. ቍስጥንጥንያ በቱርኮች እጅ ወደቀች። በዚያ ጥፋት ስንት መጻሕፍት እንደ ነደዱና እንደ ተበተኑ መናገር ያስቸግራል፤ ይህ ግን ተረፈ። ከዚያም በኋላ በሥዕሎቹ አጠገብ የዕፀዋቱ ስም በዐረብኛ ፊደል፥ ደግሞም በዕብራይስጥ ፊደል ተጽፎበት እናገኘዋለን። በ16ኛው መቶ ዓመት መጽሐፉ በሱልጣን ሱሌይማን ሐኪም በሙሴ ሐሞን ቤት ነበረ። ሐሞን ከስፔን ከተሰደዱት አይሁድ ወገን የሆነ፥ በቤተ መንግሥቱም እጅግ የተከበረ ሰው ነበር። የዕብራይስጡ ጽሕፈት ከዚህ ቤተ ሰብ እንደ ወጣ ይታመናል። እንግዲህ በአንድ ገጽ ላይ፥ በአንዲት ቅጠል ሥዕል ዙሪያ፥ የቀድሞው የጽርዕ ጕልሕ ፊደል፥ የኮርታስሜኖስ ጽሕፈት፥ ዐረብኛና ዕብራይስጥ ጐን ለጐን ይታያሉ። እነዚህ ሰዎች በአንድ ማዕድ ቢቀመጡ ምናልባት ስለ ሃይማኖት በተከራከሩ ነበር። በቅጠሏ ስም ላይ ግን እያንዳንዱ የበኩሉን ጽፎ ለሚቀጥለው ተወለት።

የኦስትርያው ንጉሥ የፈርዲናንድ መልእክተኛ የነበረው ቡስቤክ በ1562 ዓ.ም. መጽሐፉን በሐሞን ልጅ ዘንድ እንዳየው ጽፎአል። እጅግ ተመኘው፤ የተጠየቀው ዋጋ ግን አንድ መቶ ዱካት ወርቅ ስለ ነበረ አስደነገጠውና ትቶት ሄደ። ዱካት በዚያ ዘመን የታወቀ የወርቅ ገንዘብ ነው። መጽሐፉ ከውጭ በኩል በብል ተበልቶ ከመጐሳቈሉ የተነሣ፥ በመንገድ ወድቆ ቢገኝ ጐንበስ ብሎ የሚያነሣው ሰው እንደማይኖር ቡስቤክ ይናገራል። ንጉሠ ነገሥቱ ገዝቶ እንዲያድነውም ደጋግሞ ለምኖአል። ልመናውም በከንቱ አልቀረም፤ በ1569 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን 2ኛ ዘመን ተገዝቶ ወደ ቪየና መጣ። ከ1965 እስከ 1970 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ውስጥ መልኩ እንዳለ በማተሚያ ተባዝቶ ወጣ፤ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም የጽሑፍ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። በአገራችን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍተ መድኃኒት በየገዳማቱ፥ በየደብተራው ቤት፥ እንዲሁም በባሕር ማዶ ቤተ መጻሕፍት አሉ። ማርሴል ግሪዮል የተባለ ፈረንሳዊ የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ በ1930 ዓ.ም. በፈረንሳይኛ አሳተመ። ስትሬልሲን የተባለ የፖላንድ ሊቅም እነዚህን መጻሕፍት ብዙ ዓመት መርምሮ ስለ ኢትዮጵያ ሕክምናና ዕፀዋት በ1968 እና በ1973 ዓ.ም. ሁለት ክፍል ያለው ታላቅ ሥራ በዚያው ቋንቋ አወጣ። የእነርሱ ድካም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የአባቶቻችንን መድኃኒት ለማንበብ ፈረንሳይኛ መማር የሚያስፈልገው የደብተራ የልጅ ልጅ ምን ይሰማው ይሆን?

ምስጢሩን የሰወሩት አባቶች ያለ ምክንያት አላደረጉትም፤ ይህን መመስከር ይገባናል። አንዱ ሥር በመጠኑ ያድናል፥ ከመጠኑ ሲያልፍ ይገድላል። ኮሶ እንኳ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሲሆን፥ የበዛበትን ጠጪ እንደሚጥለው የታወቀ ነው። ስለዚህ መምህሩ የደቀ መዝሙሩን ጠባይ ሳይመረምር ሁሉን አያሳየውም። ዕውቀቱም እንጀራው ነው፤ ሰርቆት የሄደ ሰው በማግስቱ በገበያ አዋቂ ነኝ ብሎ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ደቀ መዝሙር እስኪበስል መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ ብራና መፋቅ ሌላ ነገር ነው። የጠበቀ ሰው በመጨረሻ ይናገራል፤ የፋቀ ግን መቼ እንደሚሞት ሳያውቅ በራሱ ዕድሜ ላይ ተወራረደ። መክሊቱን በምድር የቀበረው አገልጋይ እንኳ ቢያንስ የቀበረበትን ቦታ ያውቅ ነበር፤ ቈፍሮም አውጥቶ ለጌታው መልሶለታል።

በሌላ በኩል ያለው ስሕተት ከእኛ ከካህናት ይመጣል። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ከዕፀዋቱ ጋር የአስማት ቃላት፥ መፍትሔ ሥራይ፥ የኮከብ ቈጠራ ተቀላቅሎ ይገኛል። ይህን ያየ ቀናተኛ ካህን መጽሐፉን እንዳለ ያቃጥለዋል። አስማቱን ማውገዝ ተገቢ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ታወግዘዋለች። ነገር ግን በአንዱ ገጽ ላይ ስላለው አስማት፥ በሌላው ገጽ ላይ ያለው የቍስል መድኃኒት ለምን ይነዳል? በዚህ ነገር ከናትናኤል የምንማረው ብዙ ነው።

ያልተሰወረ ዕፅ ምን እንደሚያፈራ የሚያሳይ አንድ ምስክር ከአገራችን እንጥቀስ። እንዶድን የማያውቅ ሰው የለም፤ እናቶቻችን ልብስ ያጥቡበታል። በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲመራመሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት የወንዝ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ቀንድ አውጣው የዚያ በሽታ አስተላላፊ ስለ ሆነ፥ ከዚህ ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣዎቹን እንደሚገድል አረጋገጡ። በ1989 ዓ.ም. ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ስለዚህ ምርምር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ በወንዝ ዳር በግልጽ ባይወቀጥ ኖሮ ምሁሩ ምን ባዩ ነበር? ስሙም በትግርኛ ሽብቲ፥ በኦሮምኛ ሃንዶዴ እየተባለ በየቋንቋው ይታወቃል። በዮልያና መጽሐፍ ኅዳግ ላይ እንዳየነው፥ መጽሐፈ መድኃኒት ያለው ካህን በብራናው ላይ ሳይጽፍ በተለየ ወረቀት የእያንዳንዱን ዕፅ ስም በአካባቢው ቋንቋዎች ሁሉ ቢመዘግብ፥ የሚበቅልበትን ስፍራና የሚያብብበትን ወር ቢጨምር፥ ደረቅ ቅጠሉንም በወረቀት መካከል ቢያስቀምጥ ታላቅ ሥራ ሠራ ማለት ነው። ይህን ስንል ማንም ሰው ከአሮጌ መጽሐፍ አንብቦ ራሱን ያክም ማለታችን አይደለም። የሚጠቅመውንና የሚጎዳውን መዝኖ የሚለይ ሐኪም ነው፤ እርሱም ሊመዝን የሚችለው ስሙ ሲነገረው ነው።

ከዚያ ዲያቆን ጋር ከተለያየን በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ለዚያው በዓል ተመልሼ ሄድኩ። የተፋቀውን ብራና በፀሐይ ብርሃን ፊት ለፊት አንሥተን ብንመለከት ከአንዳንድ ፊደል እግር በቀር የሚታይ ነገር አላገኘንም። ዲያቆኑ ግን በመካከሉ አንድ ነገር አስቦ ነበር። መሪጌታው በሕይወት ሳሉ መድኃኒቱን የሚወቅጡላቸው አንዲት መነኵሲት በደብሩ ቅጥር ይኖራሉ። እርሳቸው ማንበብ አያውቁም፤ የዕፁም ስም አንድ ቀን አልተነገራቸውም። ዲያቆኑ አንቀጾቹን አንድ በአንድ ሲያነብላቸው፥ በማር የሚለወሰውንና በቅቤ የሚቀባውን በእጃቸው ሥራ አስታወሱ። ምርኵዛቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ጀርባ ወዳለው ገደል ወረዱና ሁለት ቅጠል አሳዩት። ዲያቆኑ የሁለቱን ስም ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጠይቆ፥ በደብተር ላይ በራሱ እጅ ጽፎ፥ ደብተሩን ከብራናው ጋር በማኅደሩ ውስጥ አስቀምጦታል። ስድስቱ ቦታ ገና ባዶ ነው።